የቱቦው ውታፍ

ከባድ ዝናብ ባባራ ቁጥር ያ ሽታ ይመጣል። ዛሬም ከአዲሱ ገበያ ስመለስ የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ተነስቶ፣ ጎርፉና የሽንት ቤቱ ውሃ ተቀላቅሎ በአስፋልቱ ወደ ወንዙ ሲወርድ ደረስኩ። መንገደኛው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይራገማል። እኔ ለመራገም ድፍረቱ የለኝም። ለምን እንደሆነ ላጫውትህ።

ግቢያችን ወንዙ ዳር ነበር። ለአምስት ቤተሰብ የነበረን ሽንት ቤት አንድ ብቻ ነው። ከጉድጓዱ ወደ ወንዙ የሚወጣ ቱቦ ነበረው፤ አፉ ጨርቅ በተጠቀለለበት እንጨት ይወተፋል። ክረምት ሲገባ አባቴ ዝናቡ እስኪበረታ ይጠብቅና ውታፉን ይነቅለዋል። "ወንዙ ሲሞላ ጠርጎ ይወስደዋል" ይል ነበር። ወዴት እንደሚወስደው ጠይቄው አላውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሁ ስለሚያደርግ ነውር አይመስለንም ነበር።

ከእኛ በታች፣ ድልድዩ አጠገብ፣ የሰው ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። እናቴ ሥራ ስለምትውል ፀጉሬን የምትሠራልኝ እሷ ናት። ጣቶቿ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይሸቱ ነበር።

አንድ የነሐሴ ቀን፣ ሦስት ቀን ሳይዘንብ ሰንብቶ፣ እንጦጦ ላይ ደመናው ጠቆረና ነጎድጓድ ተሰማ። አባቴ ቤት አልነበረም። ሲመጣ "ጎበዝ" እንዲለኝ ብዬ ውታፉን በሁለት እጄ ታግዬ ነቀልኩት። ዝናቡ ግን ጥቂት ጠብታ ጣለና ተወው፤ ፀሐይ ወጣች። የጉድጓዱ ጉድ በሙሉ በዚያች ቀጭን ውሃ ላይ እየተጎተተ ወረደ። ውታፉን ልመልሰው ብታገል አልገባ አለኝ።

ወደ ድልድዩ ሮጬ ስደርስ አጣቢዋ እስከ ጉልበቷ ወንዙ ውስጥ ቆማለች። ወንዙ ጠርቷል ብላ፣ ሰዎች ለፍልሰታ ቅዳሴ ሊለብሷቸው የሰጧትን ነጠላዎች ዘፍዝፋ ነበር። አንዱን አንስታ አየችውና መልሳ ለቀቀችው።

"የላይ ሰዎች ናቸው" አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። "እኛን ሰው ብለው አይቆጥሩንም።"

ከዚያ እጄን አየች። "ውይ፣ አንቺም ነክተሽዋል? ነይ እስቲ።"

ከቦኖ ተሸክማ ያመጣችውን የመጠጥ ውሃ ከጀሪካኑ እያፈሰሰች፣ በየጣቶቼ መሃል እየገባች በሳሙና አጠበችኝ። አጥባ ስትጨርስ እጄን አሸተተችው። "እኔ ነኝ" ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም።

የነጠላዎቹ ሽታ አልለቀቀም። ባለቤቶቹ ሌላ አጣቢ ያዙ፤ ወሬው ሲዞር ሌሎቹም ቀሩባት። መስቀል ሳይደርስ ልጆቿን ይዛ ከሰፈሩ ወጣች። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። አባቴም በሚቀጥለው ክረምት ውታፉን እንደ ልማዱ ነቀለ።

ዛሬ ቤት እንደገባሁ፣ ምንም ሳልነካ፣ እጄን ታጠብኩ፤ እሷ እንዳደረገችው በየጣቴ መሃል እየገባሁ። ያን ቀን እውነቱን ብነግራትም ውሃውን ታፈስልኝ የነበረ ይመስለኛል። የሚያደክመኝም ይኸው ነው።