አባቴና የእጅ ፍሬኑ

መኪናዬ አልስብ ያለችው፣ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ የፒዮሪያው ባቡር ጣቢያ ገና እየተሠራ ሳለ፣ በጥር ወር ነው። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጉልበት የላትም። ሃቫና ስትሪት ላይ መብራት በለቀቀን ቁጥር ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብኛል። ብቻዬን ብሆን እሳደብ ነበር፤ አጠገቤ ግን አባቴ አለ። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት አመላልሰው ነበር።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነበር። የዓባይን በረሃ ሃያ ስድስት ዓመት ወርዶ ወጥቶበታል፤ አንድ መንገደኛ ሳይቧጨርበት። አውሮራ መጥቶ ከእኔ ጋር መኖር ሲጀምር ግን መንጃ ፈቃድ የለው፣ ቋንቋ የለው፣ የሚያዝዘው ነገር ሁሉ ከእጁ ወጣ። የቀረችው አንዲት ሥራ ነበረች። መኪናዋን አቁሜ ሞተሩን ሳጠፋ፣ በመካከላችን ያለውን የእጅ ፍሬን እስከ ጥጉ ይስበዋል። ሜዳ ላይ ብናቆምም ይስበዋል። "አባዬ፣ አውቶማቲክ እኮ ናት፤ በራሷ ትቆማለች" ስለው፣ "መኪና አይታመንም" ይለኛል። ልነዳ ስል እኔ እለቀዋለሁ። ነገሩ በዚያ የሚያበቃ ይመስለኝ ነበር።

የመኪናዋ ነገር እየባሰ ሲሄድ አባቴ ዝም አላለም።

"ሞተሩስ ጤነኛ ነው። የያዛት ነገር አለ" አለኝ አንድ ቀን። "እስቲ ሜዳ ላይ እየነዳሽ ማርሹን ከሞተሩ አላቂ፣ ፎሌ አድርጊና ልቀቂያት። ወዲያው ቀጥ ካለች ጎማው ተይዟል ማለት ነው።"

"ረፍዶብናል፣ አባዬ" አልኩት። እውነትም ረፍዶ ነበር፤ ባይረፍድም ግን አልሰማውም ነበር። እሱ የሚያውቀው የድሮ መኪና ነው፣ የእኔዋ በኮምፒውተር የምትሠራ ናት ብዬ ንቄዋለሁ።

የዚያን ዕለት ከሕክምናው ስንመለስ ቤት ደጃፍ ላይ ወረደና ጓንቱን አውልቆ በበረዶው ውስጥ መኪናዋን ዞራት። አራቱንም ጎማ በመዳፉ ዳሰሰ። "የኋላዋ፣ የግራዋ ትፋጃለች" አለኝ። እኔ ግን ክንዱን ይዤ "በሽተኛ ሰው በዚህ ብርድ ምን ያዞርሃል!" ብዬ እየጎተትኩ አስገባሁት።

የአየር ማጣሪያ አስቀየርኩ። ካንዴላ አስቀየርኩ። ለውጥ የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሃቫና አካባቢ ወዳለ ያገራችን ሰው ጋራዥ ይዣት ሄድኩ፤ አባቴም አብሮኝ ነበር። ተራ የሚጠብቁ ሦስት የታክሲ ሹፌሮች አባቴን ሲያዩ ብድግ ብለው ወንበር ለቀቁለት። የአውቶብስ ሹፌር እንደነበር ሲነግራቸው ከበቡት። የዓባይን ቁልቁለት በፍሬን ሳይሆን በማርሽ እንዴት እንደሚወርዱት ያስረዳቸው ጀመር። አሜሪካ ከመጣ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

መካኒኩ መኪናዋን አንስቶ ጎማዎቹን በእጁ አሽከረከረ። ሦስቱ ዞሩ፤ አንዱ እምቢ አለ።

"እህቴ፣ ኢንጂኑ ምንም የለበትም" አለኝ። "የኋላ ግራው ጎማ ስታክ አድርጓል። መንገድ ላይ ለበረዶው በሚረጩት ኬሚካል የሃንድ ብሬኩ ኬብል ሩስት አድርጎ፣ ዝጎ፣ ስትለቂው አይመለስም። በዚህ ስኖው በየቀኑ ሃንድ ብሬክ የሚይዘው ማነው?" ብሎ ሳቀ።

ቁጣዬ ፈጥኖ ነው የሚመጣው፤ ሲሄድ ነው የሚዘገየው። "እሱ ነዋ!" አልኩ፣ በጣቴ እያሳየሁት። "ተው ብለው አይሰማ! ሃያ ስድስት ዓመት ነዳሁ እያለ መኪናዬን ገደላት!"

መካኒኩ ሳቁን ዋጠ። "አይ፣ አባባ ልክ ናቸው፤ አገር ቤት እንደዚያ ነው" አለ፣ ሊሸፍንልኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የሚሸፈን አልነበረም። አባቴ መሬት መሬት እያየ "እውነቷን ነው፤ እኔ ነኝ" አለ። ስለ ዓባይ የጀመረውን ማንም ጨርስልን አላለውም።

መካኒኩ ያገኘው ጎማ የአባቴ መዳፍ ከሦስት ሳምንት በፊት ያገኘው ነው። ይህን እዚያው ቆሜ አስታወስኩ። አስታውሼም መካኒኩን ዋጋውን ጠየቅኩት።

ኬብሉን አስቀይረን ስንወጣ መኪናዋ ቀልላለች። አባቴ ግን የኋላውን በር ከፍቶ ከኋላ ተቀመጠ።

ቤት ገብተን ይቅርታ ስጠይቀው "ምን አድርገሽኝ?" አለኝ። ከፊት ና ስለው "እግሬን ልዘርጋበት" ይላል። ሲጨንቀኝ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "ያዋረድሽው በሰው ፊት ነው" አሉኝ። "ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘይት ላስቀይር ነው ብዬ ጋራዡ ወሰድኩት። ከሹፌሮቹ ሁለቱ ነበሩ። "ጎማው መያዙን ያወቀው አባቴ ነው" አልኳቸው። "በእጁ ዳስሶ የቱ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።" ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ ጉልበቱን ሳምኩ።

"ተነሺ፣ ተነሺ፤ ቅባት ነው" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ይቅር ብዬሻለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ።" አባቴ ያላመነበትን አይናገርም፤ ከልቡ ነበር።

ውጭ ወጥተን የፊቱን በር ከፈትኩለት። ወንበሩን አየና በሩን ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው። "አንቺ ንጂ። እኔ ከኋላ ይሻለኛል።" ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት እለምነው ነበር።

ሌላ አንድ ክረምት አብረን ከረምን፤ የመጨረሻው ነበር። አንድ ጠዋት ፒዮሪያ ስትሪት ላይ መንገዱ በረዶ ሆኖ መኪናዋ ተንሸራተተች። ፍሬን ብረግጥም አልቆም አለች። ከፊታችን የነበረውን መኪና ልትነካው አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ዞር ስል፣ አባቴ ከኋላ ወንበር ተስፈንጥሮ ቀኝ እጁን በመካከላችን ዘርግቷል። የእጅ ፍሬኑ ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት፣ አየር ላይ አቁሞታል።

ሳየው እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

"ይቅርታ፣ ልጄ" አለኝ።