ያልተረጎምኩት ጥያቄ

እማዬ ለፋሲካ ሰሞን ልቧን ታማ ሆስፒታል ገባች። የተዘጋው የደም ሥሯ በትንሽ ቱቦ ተከፈተላትና በሳምንቷ ቤቷ ተመለሰች። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላት ጎንደር ያለችው እህቷ አልጋ ላይ መዋሏን ሰማን። አክስቴ ክርስቲያን አግብታ እዚያው የቀረች ናት፤ እማዬ ደግሞ እኔን አዝላ በሱዳን በኩል እስራኤል መጣች። ከዚያ ወዲህ የተያዩት በስልክ ብቻ ነው።

«ሳትሞት ልያት» አለችኝ።

እኔ አሽቀሎን፣ ባርኔአ ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ። አሮጊቷ ቀን ላይ ጋደም ስትል ወጥ ቤት ገብቼ ለመንገደኛ የሚሆን ቢቱዋኽ፣ ኢንሹራንሱን ማለቴ ነው፣ እየደወልኩ አፈላልግ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት የልብ ነገር ስትሰማ አዝናለሁ ብላ ዘጋችው። ሁለተኛው ልቧን ብቻ ትቶ ሌላውን ሁሉ እንደሚሸፍንላት ነገረኝ፤ የምፈራው ግን ልቧን ነበር። ሦስተኛው ሕመሟ መርጋቱን የሚመሰክር የሐኪም ደብዳቤ ጠየቀ። የምትታከምበት የጤና ድርጅት፣ የኩፓት ኾሊሙ ሐኪም ግን ገና ነው፣ ዓመት ይሙላት ብሎ እምቢ አለ። አክስቴ ደግሞ ዓመት የምትቆይ አልመሰለችንም።

አራተኛው ጋ የደወልኩት እማዬ ቤት ሆኜ ነው። ሰውየው ትሑት ነበር። ንግግራችን እንደሚቀዳ፣ ጥያቄውን እኔ ልተረጉምላት እንደምችል፣ መልሱን ግን ከራሷ አፍ መስማት እንዳለበት አስረዳኝ። እማዬ ዕብራይስጥ ባትሰማም «ሌቭ» ማለት ልብ እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ተኝታ ታውቃለች ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ ወደ እሷ ዞሬ «ዛሬ የሚያምሽ ነገር አለ ወይ ነው የሚልሽ» አልኳት።

«የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ።

«ሎ» አልኩት፣ ተኝታ አታውቅም ለማለት።

ስለ ልቧ ሲጠይቅ አውሮፕላን ትፈሪያለሽ ወይ አልኳት። ፈገግ ብላ አልፈራም አለች። የቀሩትንም እንዲሁ አሳለፍኳቸው። ስንጨርስ ሰውየው መልካም ጉዞ ተመኘላት፤ ያንን በትክክል ተረጎምኩት።

ጎንደር በገባች በስምንተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ደወለ። እማዬ እህቷን እያጠበች ሳለ ደረቷን ይዛ ወድቃለች። የሆስፒታሉ ሐኪም ቶሎ አዲስ አበባ ትድረስ አለ። ለቢቱዋኹ ደወልኩ። መጀመሪያ የሕክምና ፋይሏን ከኩፓት ኾሊም አስልኪ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን፣ የነበረባት ሕመም ስለተደበቀ አይመለከተንም አሉ። ወንድሞቼ ባላቸው ተረባርበው እኔ ሄድኩ። አዲስ አበባ ይዣት ስደርስ ሳምንት አልፎ ነበር። ሐኪሙ ሥሩን ከፈተው፤ ነገር ግን ከልቧ ጡንቻ ግማሽ ያህሉ እንደሞተ፣ ቀድማ ብትመጣ ይተርፍ እንደነበር ነገረኝ። ያን ሁሉ ቀን ጎንደር አልጋዋ ሥር ተቀምጣ ያስታመመቻት ያቺ በሽተኛ እህቷ ነበረች። እኛ አሽቀሎን በተመለስን በወሩ አክስቴ አረፈች።

የቢቱዋኹ ደብዳቤ የመጣው በእማዬ አድራሻ ነው። ልጄ አያቷን ልትጠይቅ ሄዳ በዕብራይስጥና በአማርኛ እያደባለቀች አነበበችላት። ማታ ከሥራ ቤቷ ስደርስ እማዬ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«እኔ ዋሸች ተብሎ ነው የተጻፈው?» አለችኝ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እሷን ከእህቷ ላገናኛት ብዬ ነው ልላት ነበር፤ ከአፌ አልወጣም። መተንፈስ ስለሚከብዳት ቶሎ ቶሎ አትናገርም።

«ብትነግሪኝ ያለ ቢቱዋኽ እሄድ ነበር» አለች። «ወይም እቀር ነበር። ስሜን ግን ሐሰተኛ አደረግሽው።»

እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። አልሰደበችኝም። አሁን አራተኛ ፎቅ ያለውን የቤቷን ደረጃ መውጣት ስለማትችል አጋሚም ሰፈር፣ እኔ ዘንድ ትኖራለች። ገላዋን አጥባታለሁ፤ ምግቧን አቀርባለሁ። ታመሰግነኛለች፣ እንደ እንግዳ።

ባለፈው ለልብ ሐኪሙ ቀጠሮ ይዣት ሄድኩ። እንደ ልማዴ አጠገቧ ልቀመጥ ስል ውጭ እንድጠብቃት ጠየቀችኝ። ለነርሷ አስቀድማ በሰው አስነግራ ኖሮ፣ በስልክ ለምታስተረጉም አማርኛ ተናጋሪ ሴት ተደውሎላት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ድምፅዋን በበሩ ሰማሁ። ለማታውቃት ሴት ረጅም ነገር ትነግራት ነበር፤ ጋደም ስትል ትንፋሿ እንደሚቆም፣ እግሯ እንደሚያብጥ። ለእኔ አንዱንም ነግራኝ አታውቅም።

ስትወጣ የአዲስ መድኃኒት ወረቀት ይዛ ነበር። ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።