በአራስ ቅቤ የተሠራችው ጅግራ

ቅቤው እስኪለሰልስ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ልጄ ሰላም ሳንሆዜ ቤቷ የጠራችኝ፣ የባሏ የሥራ ጓደኛ አድኖ የሰጣቸውን የዱር ተርኪ፣ ዶሮ መሰሉን ትልቅ ወፍ፣ እንድሠራላት ነው። የገና ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ አማቷን ወይዘሮ አስካለን ለቅበላ ጋብዛለች። እኔ ኦክላንድ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ኪችን ሃያ ዓመት ስለሠራሁ፣ የማላበስለው ነገር ያለ አይመስላትም።

የዱር ተርኪ እንደ ሱቁ አይደለም። ሲሮጥ የኖረ ነው፤ ስብ የለውም። ቆዳውን ከደረቱ በጣት ፈልቅቀህ ቅቤ ካልሞላህበት እንደ ጫማ ሶል ይደርቃል። ጣቴን ከቆዳው ሥር ሳስገባ ምስር የምታክል የብረት ፍሬ ነካችኝ። ጥይት ናት። እጄን አወጣሁ።

ሰላም አይታኝ ኖሮ ጠጋ አለች። «አባዬ፣ እትዬ አስካለ ማን ባረከው ብለው ከጠየቁ፣ እኔ አርጄዋለሁ በላቸው። ፕሊስ። ያልታረደ አይበሉም፤ ዲነሩ ይበላሽብኛል።»

«ቅቤ ጨምሪ» አልኳት። ሰው ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት ወፍ ይፈራል? እኔ ፈራሁ።

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ቅቤ የሚጠበቅ እንጂ የሚበላ ነገር አልነበረም። በኮባ ተጠቅልሎ ጓዳ ይቀመጣል፤ እናታችን ካልሆነች ማንም አይነካውም። አንድ ዓመት ቅቤው የታላቅ እህቴ የዘነበች የአራስ ቅቤ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን እኛ ቤት መጥታ ወለደች። በሰባተኛው ቀን ጡቷ ደረቀ፤ ገንፎውንም እንቢ አለች። ሕፃኑ እንደ ድመት ግልገል ያለቅሳል። ጎረቤታችን እማማ ድንቄ አይተዋት፣ «የጅግራ መረቅ በቅቤ ካልጠጣች ይቺ ልጅ አትነሳም» አሉ።

አባቴ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ነበር፤ ቁጡ ሰው። ትምህርት ቤት አላስገባኝም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ እዚህ አገር ነው። ለዚህ ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልዋሽም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ለጅግራ ወጥመድ አጠመደና በማግስቱ ጠዋት ቢላዋ አስይዞ ላከኝ። «በነፍሷ ድረስባት፤ ባርከህ እረድ። ታንቃ ከሞተች በክት ናት። በክት ለአራስ አይሰጥም።»

መንገድ ላይ ልጆች ቆርኪ ይጫወታሉ። አንድ ዙር ብቻ አልኩ። ኪሴን በቆርኪ ሞልቼ እያንሿሿሁ ስደርስ፣ ጅግራዋ ሸምቀቆው አንገቷን ይዟት ተዘርራለች። ዓይኗ ላይ ጉንዳን ይሄዳል። ወዲያ ወዲህ አየሁ፤ ሰው የለም። በስመ አብ ብዬ ሬሳ አረድኩ። ደሙ አልፈሰሰም፤ ረግቶ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወጣ።

«ሳትሞት ደረስክባት?» አለ አባቴ።

«አዎ። ተንፈራገጠችብኝ እንኳ።»

እጁን አናቴ ላይ አደረገ። «ገና ዛሬ ወንድ ልጅ ወለድኩ» አለ። ያ እጅ ከዚያ በፊት አናቴ ላይ ያረፈው ለኩርኩም ብቻ ነው።

የጅግራ ሥጋ ደረቅ ነው። እናቴ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጨመረች፤ አልበቃም፤ ደገመች፤ በመጨረሻ ኮባውን በጣቷ ጠርጋ ድስቱ ውስጥ አራገፈችው። የኮሰረቱ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሁሉም ምራቁን ይውጣል፤ የእኔ አፍ ደርቋል። አባቴ ከሥጋው ቆርሶ «ያረደ ይቅደም» ብሎ አጎረሰኝ። ቅቤው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እንደምንም ዋጥኩት። ከዚያ ዘነበች መረቁን በጣሳ አነሳች። አፏን አየሁ። ጣሳው እስኪገለበጥ ድረስ አየሁ። አልጠጣም እንድትል ተመኘሁ እንጂ አትጠጪ አላልኳትም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ጆሮ መጣል ሆነ። ሕፃኑ ዝም ሲል ሞተ እላለሁ፤ ሲያለቅስ ሊሞት ነው እላለሁ። በአራተኛው ቀን ዘነበች ጠራችኝና «ወተቴ መጣልኝ፤ እጅህ ይባረክ» ብላ ቢላዋ የያዝኩበትን እጅ ሳመችው። ሮጬ ወጣሁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ጅግራዋን በነፍሷ ደርሶ» እያለ ያወራ ነበር። ከሱ ያገኘሁት ምስጋና ያ ብቻ ነው። እሱንም ሰርቄ ነው ያገኘሁት።

ተርኪው ወርቅ መስሎ ከኦቨን ወጣ። ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ።

«ማን ባረከው?»

ሰላም በዓይኗ ለመነችኝ። የልጅ ልጄ «ግራንድፓ፣ አይ ዋንት ዘ ስኪን» ብላ ቆዳውን ትጠይቃለች።

«እርስዎ ካረዱትማ እበላለሁ፤ እጅዎን አምናለሁ» አሉ ሴትዮዋ።

እጅ ሲሉ ዘነበች የሳመችው ቦታ አቃጠለኝ።

«በጥይት ነው የሞተው፤ አልታረደም» አልኩ።

ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን ሰብስበው ሰላጣ ጠየቁ። አማቼ፣ የሰላም ባል፣ ስልኩን ማየት ጀመረ። ሰላም ሳህኖቹን ድንጋይ እንደሚደረድር ሰው ደረደረች፤ ከዚያ በኋላ አላየችኝም። ያኔ ዋሽቼ ቤቱ ሁሉ መረቀኝ። አሁን እውነቱን ብናገር የልጄን ድግስ አበላሸሁ፤ አይዞህ ያለኝም፣ ያጎረሰኝም የለም። ቆዳውን ለልጅቷ ሰጠሁና ለራሴ ከደረቱ ቆርጬ በላሁ። አልደረቀም ነበር። ቅቤውም ጉሮሮዬ ላይ ሳይቆም ወረደ።