ክንፏን የቆረጥኳት በቀቀን

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሳላነብ አላልፍም ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ትምህርት ያገኘሁት ከጅማ ግድግዳዎች ነው። ግጥምም ማንም አላስተማረኝም። ያም ሆኖ ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን ግጥም የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሊቀ መንበራችን ከሸቤ በቡና መኪና የመጣች በቀቀን ይዞ አዳራሽ ገባ። አረንጓዴ ናት፤ ራሷ የበሰለ ሎሚ ይመስላል። በቆሎ ማሳ ላይ በመረብ የተያዘች ነች። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ባለሥልጣን ስጦታ ልትሆን ነው። እኔም «ኢትዮጵያ ትቅደም» ማለት እንዳስተምራት፣ ስትበረከት የሚነበብ ግጥምም እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። እንዳትበር ክንፏን በልብስ ሰፊ መቀስ የቆረጥኩት እኔው ነኝ። ይህን አልደብቅም።

ሦስት ሳምንት ጮኽኩባት። አንዲት ቃል አልወጣትም። ከበሮ መቺያችን «ካንተ እሷ ትሻላለች፤ ሲያዟት አትናገርም» እያለ ሳቀብኝ። ነገሩ አጥንቴ ድረስ ገባ። ግጥሙን ተውኩት።

በዚያው ሰሞን የደን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ አየሁ። በቀቀንን የመሰሉ የዱር ወፎችን ያለ ፈቃድ ማጥመድ፣ ቤት ማስቀመጥ፣ መሸጥም ሆነ መስጠት በሕግ የተከለከለ ነው ይላል። እዚያው ቆሜ በቃሌ ያዝኩት።

እሁድ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረን። እዚያ ሊቀ መንበር የሚከስ ሰው ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል፤ ራሱን የሚከሰውን ግን ማንም አያቋርጠውም። ሊቀ መንበሩ ግጥሙን ስላላደረስኩ ግለ ሂስ እንዳደርግ አስነሣኝ።

«ጓዶች፣ ጥፋተኛ ነኝ» አልኩ። «የአብዮታዊ መንግሥታችን ሕግ የሚጠብቃትን ወፍ ክንፍ ቆርጫለሁ። ሕገ ወጥ ስጦታ ለአንድ ትልቅ ጓድ ሊሰጥ ሲዘጋጅ አይቼ ዝም ብያለሁ።» ከዚያ ማስታወቂያውን አንድም ቃል ሳላስቀር ወረድኩት። ማኅተሙንም አልረሳሁም።

ከኋላ አንዲት እናት ብቻ በኦሮምኛ «ዱጋ!» ብለው፣ «እውነቱን ነው» ሲሉ ተሰሙ።

ሊቀ መንበሩ ሞኝ አልነበረም። ፈገግ አለ። «ጥሩ ብለሃል፣ ጓድ ገጣሚ። እንግዲህ ይህቺን ወፍ ቤቱ ያስቀመጠ ወንጀለኛ ነው። ክንፏን የቆረጥከው አንተ ነህ፤ ውሰዳት።»

ትቻት ብሄድ የድመት ራት ናት። ብወስዳት ደግሞ የክስ ወረቀቴ እሷው ራሷ ናት። ወሰድኳት።

ከኪነት ቡድኑ ተሰረዝኩ። በቀቀኗን ግን አልደበቅኳትም፤ መንገድ በሚያየው መስኮቴ ላይ አስቀመጥኳት። ሊቀ መንበሩ በየጠዋቱ ቀና ብሎ ያያታል፤ እኔም «እንደምን አደሩ፣ ጓድ» እለዋለሁ። ቢከሰኝ ማን እንዳመጣት መጠየቁ እንደማይቀር ሁለታችንም እናውቃለን።

ስድስት ወር አለፈና አዲስ ላባ አወጣች። ካርቶን ውስጥ አድርጌ በቡና መኪና ሸቤ ወሰድኳትና አንድ ዋንዛ ሥር ካርቶኑን ከፈትኩ። ላወጣት እጄን ስሰድ ጣቴን እስከ አጥንቱ ነክሳኝ በረረች። ሾፌሩ በሳቅ ሞተ።

«ስድስት ወር ቀልበሃት?» አለኝ።

«ደግ አደረገች» አልኩት፤ ደሜን በሸሚዜ እየጠረግሁ።