ዜማ የለመደች ጥንብ አንሳ

«እንዲያው ብትመጣ በዚያ በደመና፣
ህም… ህም… ህም… መንገዱ ቀና።»

የግጥሙ መካከል ጠፍቶበታል። ሚስቱ ልብስ ስታሰጣ የምታዜመው ነበር። ያን ጊዜ ቃሉን ልብ ብሎ አልሰማም፤ የት ይሄድብኛል ብሎ ነው። ሄደበት። እሷ ካረፈች አምስት ዓመቷ፤ ለእሱ የቀረው ዜማው ብቻ ነው። ፊቱን ሲታጠብ፣ ጫማውን ሲያስር፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ ሳያስበው በአፍንጫው ይወጣል።

የሥራ ቦታው ግን ዝምታ የታዘዘበት ነው። ከከተማው ዳር ባለው የአእዋፍ ማገገሚያ የጥንብ አንሳ ጫጩት ያሳድጋል። ጥንብ አንሳ እያለቀ ያለ ወፍ ነው። ከብት አርቢው ለጅብ ብሎ ሥጋ ላይ መርዝ ይነሰንሳል፤ ጅቡ አንድ ይሞታል፣ ከሰማይ የወረደው መንጋ ግን ሃምሳ ሆኖ እዚያው ይነጠፋል። ከመርዝ የተረፈውን የመብራት ሽቦ ይለበልበዋል። ይህችም ጫጩት እናትና አባቷ በአንድ በተመረዘ በሬ ላይ ቀርተውባት፣ ገና ጥጥ መስላ፣ በካርቶን ነበር የመጣችው።

ሕጉ ጥብቅ ነው። ጫጩቷ ሰው ማየትም መስማትም የለባትም። ሰው የለመደች እንደሆነ፣ ተለቃም ሰው ወዳለበት ትወርዳለች፤ ሰው ባለበት ደግሞ መርዝ አለ። ስለዚህ የወፍ ራስ የተሰፋበት ጓንት አጥልቆ፣ በግድግዳው ቀዳዳ እጁን አሾልኮ፣ ትንፍሽ ሳይል ያጎርሳታል።

«አባ ዝም» ይለዋል የበሩ ዘበኛ። «እኔ ስድስት ልጅ አሳድጌ አንዱም አልጦረኝ። አንተ ጥንብ አንሳዋ ልትጦርህ ነው?»

«ካንተዎቹ ሳትሻል አትቀርም።»

ዘበኛው ይስቃል። የቀኑ ጨዋታ እሱው ነው። ከዚያ ወዲያ ከአፉ ቃል ሳይወጣ ይመሻል፤ ቤትም ያው ነው።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ታዲያ፣ እጁ ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ዜማው አመለጠው። ጫጩቷ ሥጋውን መቦጨቋን ተወች። ቀስ ብላ ቀረበችና አንገቷን በጓንቱ ላይ ጣል አደረገች። ሙቀቷ እስከ ክርኑ ተሰማው። በማግስቱ «አንዴ ብቻ» አለ ለራሱ። አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ እያለ ሰባት ወር ሞላው።

ሰው ትፈራ እንደሆነ በምትፈተንበት ቀን የማገገሚያው ሐኪም እያወራች በጎጆዋ አጠገብ አለፈች። ወፏ በርግጋ ጥግ ያዘች። «ትለቀቃለች» ብላ ጻፈች ሐኪሟ። ሁሉ ደስ ሲለው እሱ ብቻ ጓንቱን ይዞ ጥግ ቆመ። ቢናገር እዚሁ ታጉራ ልታረጅ ነው። ዝም ቢል ደግሞ በየሜዳው የሚያዜም ሰው አይጠፋም፤ ሰምታ ትወርዳለች። ከሁሉ ያሳፈረው፣ ታጉራ ብትቀርለት የሚወድ አንድ ክፉ ልብ በውስጡ ማግኘቱ ነው።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ» አለ፤ ማስረዳት ቢያቅተው ከጎጆው ፊት ቆሞ አዜመ። ወፏ ከቆጧ ወርዳ፣ እየነጠረች መጥታ፣ ወደ ድምፁ አንገቷን በሽቦው አሾለከች።

ሐኪሟ የጻፈችበትን ወረቀት አጠፈች። «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ?»

«በየቀኑ።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምን ብዬ? ከጥንብ አንሳ ጋር እያወጋሁ ነው ብዬ?»

ሳቅ መጣባት፤ ወዲያው ተወችው። «ዜማውን እንድትጠላው ካልሆነ አትወጣም። የሚያስጠላት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ።»

በማግስቱ ያለ ጓንት፣ ፊቱን ገልጦ ገባ። አዜመ። መጣች። ቆርቆሮውን ደበደበ፣ ባልዲ ውኃ ደፋባት። ሸሸች፤ እንደገና ሲያዜም ግን ውኃዋን እያራገፈች ተመልሳ መጣች። አንጀቱን የበላው ይህ ነው። ቆርቆሮ፣ ውኃ፤ ቆርቆሮ፣ ውኃ። አውቶቡስ ሲጠብቅ ዜማው ሊመጣ ሲል ጥርሱን መንከስ ጀመረ። በዘጠነኛው ቀን ገና «እንዲያው…» ሲል ከላይኛው ቆጥ ላይ ወጥታ ጀርባዋን ሰጠችው። ግጥሙ ቢጠፋበትም ዜማውን እስከ መጨረሻው አደረሰው። አልዞረችም።

የለቀቋት ከማገገሚያው በላይ ካለው ገደል አፋፍ ነው። እሱና ሐኪሟ ከቋጥኝ ጀርባ ተደብቀው ያመጧትን የሽቦ ሣጥን በር በገመድ ሳቡት። ወጣች፤ ክንፏን ዘረጋች፤ መልሳ አጠፈች። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ አዘቀዘቀችም። ወፏ ከበሩ አልራቀችም። በሽቦው ውስጥ ያደረ ሥጋ ነበር፤ ዞራ አየችው።

«ጋሼ» አለች ሐኪሟ በሹክሹክታ፣ ፊቱን ሳታይ። «አንዴ።»

ገባው። ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ ከቋጥኙ ወጣ። አፉ ደርቆበት ዜማው መጀመሪያ ላይ ተሰበረ። ወፏ ደነገጠች፤ ሦስት እርምጃ ሮጣ ከአፋፉ ተወረወረች። ወደ ታች ወደቀች፤ ልቡ አብሯት ወደቀ፤ ከዚያ ነፋሱ ከስር አገኛትና አነሣት። አንድ ጊዜ ዞረች፣ ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ከዚያ ነጥብ ሆነች።

«ደህና ሄደች» አለች ሐኪሟ።

«ሄደች።»

ሲወጣ ዘበኛው ሊቀልድበት አፉን ከፈተና ፊቱን አይቶ «በል፣ ደህና ዋል» ብቻ አለው።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና በመስኮቱ ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። የትናንቱን የምስር ሾርባ አሞቀ፣ ዳቦ ቆረሰ፣ ወንበሩን ሳበ። ተቀመጠና በላ።