የማሪኬ ደግነት

መሳይን አልወደውም፤ ከአሁኑ ልናገር። በስደት አገር፣ ስኪልደርስዋይክ በሚባል ሰፈር ጎረቤታሞች ነን፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሚስቱን ማናለብሽን እንዴት እንደሚያናግራት ሁሉንም እሰማለሁ።

ማናለብሽ ለዓመታት የሰው የእረፍት ቤት ስታጸዳ ኖራ፣ በመጨረሻ ባሕሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት የራሷ አደረገች። መጋረጃውን ራሷ ሰፋች፣ ግድግዳውን ራሷ ቀባች። ጠቡ የተነሣው ቤቱን ለእንግዶች ለማከራየት በየትኛው ድረ ገጽ እናውጣው ሲባል ነው።

እሷ የመረጠችው የባለቤቱን ስምና ፎቶ ከቤቱ ጋር የሚያወጣ አንድ ትንሽ ድረ ገጽ ነበር። "ሲገቡ የማን ቤት እንደሆነ ይወቁ" አለች። መሳይ ግን ትልቁን ነው የፈለገው። እዚያ የፈለጉትን ስም መሙላት ይቻላል፤ ቁልፉ በር ላይ በተሰቀለ ባለ ቁጥር ሣጥን ስለሚቀመጥ ባለቤቱን የሚያይ የለም።

"አንቺን አይተው የሚመጡ ይመስልሻል?" አላት፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ። "ቤቱን ይወዱታል፤ ፎቶሽ ጋ ሲደርሱ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።"

"ፊቴ ምን ሆነ?"

"እኔ ነኝ እንዴ አገሩን የሠራሁት?"

እሷ ተነሥታ ስኒዎቹን ሰበሰበች፤ እሱ ያሸነፈ መሰለው። በዚያው ሳምንት ቤቱ ትልቁ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። አከራይ፦ ማሪኬ፣ የአገሬው ሴት ስም። በፎቶው ቦታ የባሕር ወፍ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከሮተርዳም የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። መሳይ ድርሽ እንዳትይ ብሏት ነበር። ግን እንግዳ ቤቷ ገብቶ፣ እንኳን ደህና መጣህ የሚለው አጥቶ ማደሩ ለማናለብሽ ነውር ነው። ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ሴትዮዋ በሩን ከፈተች። ማናለብሽ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ከማለቷ ዳቦውን ተቀበለቻትና "እግረ መንገድሽን የመታጠቢያ ቤቱን ፎጣ ቀይሪልን" አለቻት። ማናለብሽ ገብታ ፎጣውን ቀየረች። ስንመለስ እኔ ከትራሙ ጀምሬ ሴትዮዋን ስረግማት ቤት ደረስን።

እንግዶቹ ሲሄዱ አስተያየት ጻፉ። መሳይ ስልኩን ይዞ መጥቶ በፊታችን አነበበው፦ "ቤቱ ግሩም ነው። ማሪኬ በጣም ደግ ሴት ናት፤ የጋገረችውን ዳቦ በጽዳት ሠራተኛዋ ልካልናለች።"

"አምስት ኮከብ" አለ ፊቱ በርቶ። "አላልኩሽም?"

ማናለብሽ ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ከአስተያየቱ ሥር መልስ ጻፈች። "ዳቦውን የጋገርኩት እኔ ነኝ። ፎጣውን የቀየርኩትም እኔ ነኝ። ቤቱ የእኔ ነው። ማሪኬ የምትባል ሴት የለችም። ማናለብሽ።" ልካው ስልኩን መለሰችለት።

ድረ ገጹ በሐሰት ስም የወጣ ነው ብሎ ቤቱን አወረደው። መሳይ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈ ነው። ቤቱ አሁን እሷ የመረጠችው ትንሹ ድረ ገጽ ላይ ወጥቷል። ፈላጊው ጥቂት ነው፤ መሳይ ያለው መድረሱን አልክድም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ለድረ ገጹ ፎቶውን ያነሣኋት እኔ ነኝ። ቁልፉን በእጇ ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። ትንሽ ፈገግ በይ ብላት "ለማን ብዬ?" አለችኝ።