ቀይ ብርሃንና የኦቦ ኢዶሳ ደጅ

በንጉሡ ዘመን ነቀምቴ ፊዚክስ ያስተምር የነበረው መምህር ጨመዳ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው አንድ ትምህርት ነበረው። ብርሃን እንደ ውኃ ሳይቋረጥ አይፈስም፤ እንደ እህል ፍሬ በነጠላ በነጠላ ይመጣል። የቀይ ብርሃን ፍሬ አቅሙ ትንሽ ነውና ዓመት ሙሉ ቢዘንብ ከዚንክ ብረት ላይ አንዲት ኤሌክትሮን አያስነሣም። አቅም ያለው ፍሬ ግን ገና ሲነካት ያስነሣታል። «መመላለስ ዋጋ የለውም» ይል ነበር፣ ጠመኔውን አስቀምጦ።

ጥፋቱ ይህን ሕግ ከክፍል ይዞት መውጣቱ ነው።

ቀለሟ የምትባል ልጅ ወደደ። ቀለሟ የሲሬው የኦቦ ኢዶሳ ልጅ ስትሆን ነቀምቴ ሐኪም ቤት ትሠራለች፤ እሷም እንደምትወደው አልደበቀችውም። ሽማግሌ ላከ። ኦቦ ፉፋ መሪ ሆነው ሲሬ ሄዱ፤ ኦቦ ኢዶሳም «ለእናንተ የምትሆን ልጅ የለችኝም» ብለው መለሷቸው።

ኦቦ ፉፋ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ነገሩ ተጀምሯል። ለእሑድ ደግመን እንሄዳለን።»

«እምቢ ብለዋል እኮ» አለ ጨመዳ።

«ባይሉማ ልጃቸውን ንቀዋታል ማለት ነበር።»

ጨመዳ ባህሉን አጥቶት አይደለም። ለአጎቱ ልጅ ሚስት ሲጠየቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጊዳ አያና ድረስ ተመላልሷል። ለራሱ ሲሆን ግን ትምህርቱ መጣበት፤ በመጀመሪያው ያልተነሣ መቼም አይነሣም ብሎ ሽማግሌዎቹን አሰናበተ። በሐኪም ቤቱ በኩል ማለፍም ተወ። እሷም ለምን ቀረህ ብላ የምትጠይቅ ሴት አልነበረችም።

አበጋዝ የሚባል ጨው ነጋዴ፣ ፊዚክስ ያልተማረ፣ ደጅ ጠንቶ አገባት።

ከዓመታት በኋላ ጨመዳ የተሳፈረበት አውቶቡስ ሲሬ ቆመ፤ ቀለሟም ልጅ አዝላ መንገድ ዳር አገኘችው። ሰላምታው አለቀ።

«አባቴ በዚያ እሑድ በግ አስሮ ጠበቃችሁ» አለችው። «እኔም ከነቀምቴ መጥቼ ነበር።»

«እምቢ ብለው ነበር እኮ።»

«ብሏል። ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ምን እንዲል ነበር?»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ጨመዳ ተመልሶ ተሳፈረ።

በማግስቱ ያንኑ ትምህርት አስተማረ። ሕጉ ትክክል ስለሆነ አንድ ቃል አልለወጠም። መጨረሻ ላይ ብቻ «ይህ የተፈተነው በብረት ላይ ነው» ብሎ ጨመረ።

ተማሪዎቹ ለፈተና ይመጣል ብለው ጻፉት።